«አንገትህን ደፍተህ ተማር» የሚለው ምክር ይብቃ

ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ ከቤት ሲወጣ ከብርድ ልብሱና ከበሶው ጋር አንድ ምክር ይሰነቅለታል። «አንገትህን ደፍተህ ተማር፤ ማኅበር፣ ክበብ፣ ስብሰባ ከሚባል ነገር ራቅ።» እናት ትጀምረዋለች፣ አጎት ይደግመዋል፣ ለሽኝት የመጣ ጎረቤት ያጸናዋል። ለሴት ልጅ ሲሆን «ከዶርምሽ አትውጪ» ይጨመርበታል። ግቢ ሲገቡም ነባር ተማሪዎች ያንኑ በራሳቸው ቋንቋ ይነግሯቸዋል፦ ቸክሉ፣ ግሬዳችሁን ያዙ፣ ተመርቃችሁ ውጡ።

ምክሩ ከፍቅር ስለሚመነጭ ደፍሮ የሚሞግተው የለም። መሞገት ግን አለበት፤ ተማሪው ከዩኒቨርሲቲ ሊያገኝ ከሚገባው ትምህርት ትልቁን ክፍል ያስቀርበታልና። በክፍል ውስጥ ተማሪ ብቻውን ይፈተናል፣ ብቻውን ያልፋል፣ ብቻውን ይወድቃል። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀምጦ መወሰን፣ የሌላ ሰው ገንዘብ በአደራ መያዝ፣ በድምፅ ተሸንፎ አብሮ መቀጠል በየትኛውም ዲፓርትመንት እንደ ኮርስ አይሰጥም። ይህ ሁሉ የሚለመደው በተማሪ ክበብና ማኅበር ውስጥ ነው። አገሪቱ ዛሬ አጥብቃ የምትፈልገውም ይህንኑ ችሎታ ነው።

የወላጆች ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ መናቅም የለበትም።

በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ሲጀምሩ የፖለቲካ ድርጅት አልነበራቸውም። የነበራቸው ክርክር፣ ስፖርት፣ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የተባለ የእንግሊዝኛ ጋዜጣና በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን የሚቀርብ የግጥም ውድድር ነበር። በዓሉ ግርማ የአዘጋጅነትን ሥራ የተለማመደው በዚያ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ነው። በ1951 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ የነፃ ትምህርት ዕድል ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች ግቢው ገቡ፤ የተማሪ ማኅበር ምን እንደሚመስል ከአገራቸው ያውቁ ስለነበር ኢትዮጵያውያኑ ጓደኞቻቸው በነፃነት እንዲደራጁ አበረታቱ። በ1953 ዓ.ም. የኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አነበበ፤ ግጥሙም ከአዳራሹ አልፎ የከተማ ወሬ ሆነ። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ለመቅበር በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። ከዚያ አብዮቱ፣ ከዚያም ቀይ ሽብር መጣ። ልጇን በዚያ ዘመን የቀበረች እናት ለልጅ ልጇ «ስብሰባ አትሂድ» ብትል ማን ይፈርድባታል?

ከዚህ ታሪክ የተቀዳው ትምህርት ግን የተሳሳተ ነው። ብዙ ሰው «ተማሪ ሲደራጅ አገር ይጠፋል» ብሎ ያነበዋል። ታሪኩ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ ግልጽ ማኅበር በታገደ፣ ጋዜጣ በተዘጋ፣ የተማሪ መሪ ከትምህርት በተባረረ ቁጥር ክርክሩ ወደ ጓዳ ገባ። «አዞዎቹ» በሚል ስም የታወቀው የኅቡዕ ቡድን የተወለደው በዚያ ድባብ ውስጥ ነው። በአዳራሽ የሚደረግ ክርክር ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲመልስ ያስገድዳል፤ ሰብሳቢ አለው፣ ሰዓት አለው፣ ጭብጨባና ማጉረምረም አለው። በጓዳ ውስጥ የሚደረገው ግን በአንድ ሐሳብ የተማማሉ ሰዎች ንባብ ነው፤ የሚጠራጠር ሰው ከሃዲ ይባላል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በግጥምና በክርክር የጀመረ ትውልድ ከ15 ዓመት በኋላ በሁለትና በሦስት ድርጅት ተከፍሎ ሲገዳደል አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በግልጽ ተከራክሮ የመሸነፍ ልምድ ሥር ሳይሰድ ተቆረጠ። የተማሪውን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉት ባሕሩ ዘውዴም ከነፃ ክርክር ወደ አንድ ዓይነት ድርቅ ያለ እምነት የተደረገውን ጉዞ በዝርዝር ተከታትለውታል።

ከ30 ዓመት በኋላም ትምህርቱ አልተወሰደም። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲነሡ ያቀረቧቸው ጥያቄዎች የታገደው ጋዜጣቸው ይመለስ፣ ማኅበራቸው በነፃነት ይንቀሳቀስ፣ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ የሚሉ ነበሩ። አንድ ዲን ቢሮው ተቀምጦ በአንድ ከሰዓት ሊመልሳቸው የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ ዱላና ጥይት ሆነ፤ ሁከቱ ወደ ከተማው ተዛምቶ ከ30 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። «ክበብ አደገኛ ነው» የሚል ሰው ይህን ታሪክ ቢመረምር፣ ደም ያፈሰሰው የተማሪ ጋዜጣ መኖሩ እንዳልሆነ፣ መከልከሉ እንደሆነ ያያል።

ሁለተኛው የምክሩ ምሰሶ ውጤት ነው። ይህኛው ከፍርሃቱ ይልቅ ዛሬ ጉልበት አለው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከመቶ ልጅ ሦስቱ ብቻ ባለፉበት በር የገባ ተማሪ ቤተሰብ «ይህን ዕድል በስብሰባ አታባክነው» ቢል አይገርምም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ አራትና አምስት ዓመት ተምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም።

ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ስሌቱ ግን ልክ አይደለም። ምክሩ የክበብ ሰዓት ከጥናት ሰዓት ላይ የሚቆረጥ አድርጎ ይቆጥራል። በግቢ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው ማንም ተማሪ ከክፍል ውጭ ያለውን ጊዜ በሙሉ ቤተ መጻሕፍት አያሳልፍም። ቅዳሜ ከሰዓት አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልክ በማገላበጥ፣ ላውንጅ ቁጭ ብሎ ኳስ በማየት፣ ከግቢ በር ውጭ ባሉ ቤቶች ያልፋል። ክበብ በሳምንት የሚጠይቀው ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚወሰደው ከዚህ ነው። እንዲያውም ሐሙስ ማታ ስብሰባ እንዳለበት የሚያውቅ ተማሪ የቤት ሥራውን ረቡዕ ይጨርሳል።

አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ አሌክሳንደር አስቲን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፉ፣ ተማሪ ከትምህርቱ የሚያገኘው ነገር ለትምህርቱም ለግቢው ሕይወትም ከሚያፈሰው ጉልበት ጋር እንደሚሄድ ተከራክሯል። ወደዚህ ሐሳብ የደረሰው ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎችን ለዓመታት ሲያጠና ነው፤ የማያቋርጡት በብዛት በግቢው ሕይወት በአንድ ነገር የተያዙት ሆነው አገኛቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ጋሎፕና ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ 30,000 የሚሆኑ ምሩቃንን ጠይቀው ነበር፤ በሥራቸው ላይ በሙሉ ልብ ከመሥራት ጋር ከተያያዙት ስድስት የተማሪነት ልምዶች አንዱ በክበባትና በማኅበራት አጥብቆ መሳተፍ ሆኖ ተገኝቷል። «ትጉሁ ተማሪ ነው ቀድሞውኑ ክበብ የሚገባው» የሚል ጥርጣሬ ሊነሣ ይችላል፣ ተገቢም ነው። ነገር ግን ክበብ ውጤት ይገድላል የሚለውን ወገን አይረዳውም። ትጉሁ ተማሪ ክበብ ገብቶ ትጋቱ አልጠፋምና።

ክበብ በተግባር ምን እንደሚያስተምር በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጥቂት ሴት ተማሪዎች ከአንዲት መምህርታቸው ጋር ሆነው «የሎው ሙቭመንት» የተባለውን ንቅናቄ ጀመሩ። ዓላማቸው በሴቶች ላይ የሚደርስን ጥቃት መቃወም ነበር። በግቢው ጠረጴዛ ዘርግተው የሚያልፈውን ተማሪ ሁሉ ያወያዩ ነበር። «አገልግል» ብለው በሰየሙት ሥራቸው አቅም ለሌላቸው ሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያና የጽሕፈት መሣሪያ ያቀርቡ ነበር፤ ለዚህም ገንዘብ ለማግኘት በፍቅረኞች ቀን አበባ ይሸጡ ነበር።

አበባ መሸጥ ቀላል ይመስላል። ከጀርባው ግን ስንት ትምህርት አለ! አበባውን በስንት ተረከብን፣ በስንት እንሽጥ፣ ያልተሸጠውስ ኪሳራው የማን ነው? ገንዘቡ በማን እጅ ይደር? የእያንዳንዱ ሽያጭ ደረሰኝ የት ይቀመጥ? ጠረጴዛ ለመዘርጋት ለየትኛው ቢሮ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ማኅተሙን ማን ይመታል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ሲባል ማን ተመልሶ ይሄዳል? የንጽሕና መጠበቂያ የሚያስፈልጋትን ልጅ ሳያሳፍሩ እንዴት ይሰጧታል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በትክክል የመለሰች የ20 ዓመት ወጣት ስለ ሰው ክብር ከብዙ ንግግር ያልተገኘ ነገር ታውቃለች። ጠረጴዛው ፊት ቆሞ «ሴት ልጅ ራሷ ናት ጥፋተኛዋ» የሚላትን ተማሪ ሳትሰድብና ሳታፈገፍግ መመለስ የተለማመደች የሕግ ተማሪም ችሎት ፊት ስትቆም ጉልበቷ አይብረከረክም።

የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ «የሁለት ዓመት ልምድ» ይላል፤ ምሩቁም «ልምዱን ማን ይስጠኝ» ብሎ ያለቅሳል። ቃለ ጉባኤ የጻፈ፣ በጀት ያወጣ፣ 200 ሰው የሚገባበት አዳራሽ አስፈቅዶ ድምፅ ማጉያው ሲበላሽ መላ የፈለገ ተማሪ ልምድ አለው። ቀጣሪ ሁሉ ይህን እንደ ልምድ አለመቁጠሩ የቀጣሪው ጉድለት ነው፤ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ግን ልዩነቱ ይታያል። እዚህ ላይ የተቃራኒውን ወገን መካሪዎችም መንካት ግድ ነው፦ «ሲቪህ እንዲያምር ክበብ ግባ» የሚሉትን። በዚህ ምክር አምስት ክበብ ተመዝግቦ፣ አምስት ሰርተፍኬት ሰብስቦ፣ አንድም ቀን ወንበር ያልደረደረ ተማሪ ምንም አልተማረም። አንድ ክበብ ገብቶ ሦስት ዓመት የቆየ ይበልጠዋል።

የኢትዮጵያ ተማሪ መደራጀት አይችልም እንዳይባል፣ በየግቢው ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየው ማስረጃ አለ። በ1983 ዓ.ም. ወደ ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ የተወሰዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚያው በጋራ ጸሎት የጀመሩት መሰባሰብ በዓመቱ ማኅበረ ቅዱሳንን ወለደ፤ ዛሬ ማኅበሩ በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤያት ያስተባብራል። የግቢ ጉባኤ ተማሪዎች ራሳቸው ክፍል ክፍል ተከፋፍለው ያስተምራሉ፣ ይዘምራሉ፣ መዋጮ ይሰበስባሉ፣ ገንዘብ ያጣ ጓደኛቸውን ይረዳሉ፣ ፍሬሾችን መናኸሪያ ወጥተው ይቀበላሉ፣ ተመራቂዎቻቸውን በሥርዓት ያስመርቃሉ። የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓም የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረትም እንዲሁ። ከዲን ቢሮ በጀት አይጠብቁም፤ ሥራ አስኪያጅ አይቀጠርላቸውም። ኃላፊነቱን በየዓመቱ ለታናናሾቻቸው ያስረክባሉ፤ ሥራው አይቋረጥም።

ልጇን ከክበብ የምትከለክል እናት ልጇ የግቢ ጉባኤ አገልጋይ መሆኑን ስትሰማ እግዚአብሔርን ታመሰግናለች። ስለዚህ ክርክሩ ስለ ጊዜ እንዳልሆነ ራሷ ትመሰክራለች፤ ለአገልግሎት የሚሰጠው ሰዓት ለክርክር ክበብ ከሚሰጠው አያንስም። እምነት ያለበት ስብስብ ልጇን አያጠፋባትም ብላ ታምናለች። ልክ ናት። የጎደለው ልጇ ከእምነቱ ውጭ ካለው፣ ቋንቋው ከተለየው ልጅ ጋር የሚገናኝበት እንደዚሁ የጠነከረ ሌላ ቤት ነው።

የዚያ ቤት አለመኖር ምን ዋጋ እንዳስከፈለ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ታይቷል። በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተቀሰቀሰ ግጭት ተማሪዎች ሞቱ፤ እሳቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ ብዙ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ ሸሸ። በዚያው ዓመት ተማሪዎችና ወላጆች በግቢ ሰላም ለመጠበቅ ውል እንዲፈርሙ ተደርጎ ነበር። ፊርማ ጎረቤቱን የማያውቅ ልጅ ከጎረቤቱ ጋር አያስተዋውቀውም። መንግሥት ከመላ አገሪቱ የመጡ ልጆችን በአንድ ዶርም ስላደባለቀ ይተዋወቃሉ ብሎ ተስፋ አደረገ፤ ልጆቹ ግን ከዶርም ወጥተው የየአካባቢያቸውን ልጅ ፈልገው አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያጠናሉ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን አልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጥላቻ በጻፈው መጽሐፍ፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ብቻ ጥላቻን እንደማያበርድ አስረድቷል። አራት ነገር መሟላት አለበት ይላል፦ እኩልነት፣ የጋራ ግብ፣ ለግቡ መተባበር፣ የባለሥልጣን ድጋፍ። ዶርም የመጀመሪያውን ያሟላል፤ የተቀሩትን አያሟላም። የቴአትር ክበብ፣ የደም ልገሳ ቡድን፣ የክርክር ክበብ፣ በክረምት ችግኝ የሚተክል ማኅበር አራቱንም ማሟላት ይችላል። ከወለጋ የመጣው፣ ከጎጃም የመጣው፣ ከመቀሌ የመጣችው አብረው አንድ ቴአትር ለማሳየት ስድስት ሳምንት ከተለማመዱ፣ ሁከት በተነሣ ሌሊት አንዱ የሌላውን ስልክ ይደውላል። ይህ ብቻውን ጦርነት አያስቀርም። አንድን ተማሪ ግን ከሞት ሊያተርፈው ይችላል።

የዛሬ ክበባት ይህን አያደርጉም የሚል ሰው አይሳሳትም። በብዙ ግቢ «የሥርዓተ ፆታ ክበብ» ማለት በየካቲት ወር ሰልፍ ወጥቶ ቲሸርት የሚያከፋፍል፣ «ፀረ ኤድስ ክበብ» ማለት በኅዳር አንድ ቀን ሻማ የሚያበራ ስብስብ ሆኗል። የሰላም ክበብ የሚታየው ሚኒስትር ሲመጣ ነው። ሰብሳቢው በአባላት ድምፅ ሳይሆን በተማሪዎች ዲን ቢሮ ፈቃድ ይቀመጣል፤ ዕቅዱ ከላይ ይወርዳል፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ ይወጣል። የተማሪዎች ኅብረትም ከካፌ እንጀራ ጥራትና ከዶርም ውኃ ያለፈ ጉዳይ እንዳያነሣ ሆኖ ተሠርቷል፤ ተማሪውም የአስተዳደሩ ጆሮ አድርጎ ያየዋል። ይህን አይቶ «ክበብ ጥቅም የለውም» ያለ ወጣት ያየው ክበብ አልነበረም። ያየው የክበብ ስም የተሰጠው የዲን ቢሮ ቅርንጫፍ ነው። በአበባ ሽያጭና በግቢ ጉባኤ የታየው ጥንካሬ የተገኘው ሥራው የተማሪዎቹ በሆነበት ቦታ ነው፤ የሞተው ደግሞ ከተማሪው እጅ የተወሰደው ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 የመደራጀት መብትን ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ ተማሪን ለይቶ አላስቀረም። ዩኒቨርሲቲዎች ለእያንዳንዱ ክበብ ቁልፉ በአባላቱ እጅ የሆነ አንድ ክፍል ይስጡ። ክበቡ ሰብሳቢውን በራሱ ድምፅ ይምረጥ፣ ይሻር። መዋጮውን በራሱ የባንክ ሂሳብ ያስቀምጥ፣ በዓመቱ መጨረሻም ሂሳቡን ለአባላቱ በአደባባይ ያወራርድ። የተማሪ ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት ማንም አያንብበው፤ ስም ካጠፋ በሕግ ይጠየቅ። መምህራን አማካሪ ይሁኑ፣ አዛዥ አይሁኑ። የክርክር ክበብ በአዳራሹ የመረጠውን ርእስ ያንሣ፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትም መጥተው ከፊት ወንበር ይቀመጡና ያዳምጡ።

ለወላጆችም አንድ ልመና አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ልጃችሁ ደውሎ «ዛሬ ስብሰባ አለብን» ሲላችሁ አትቆጡት። ስለምን እንደሆነ፣ እሱ ምን እንዳለ፣ ማን እንደተቃወመው፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደወሰኑ ጠይቁት። ከዚያ ስለ ፈተናው ጠይቁት።